ከክንድ መጠምጠሚያ እስከ ስልክ፦ የደም ግፊት ልኬት ታሪክ

የደም ግፊት በሕዝቡ አፍ ለረጅም ዘመን «ደም ብዛት» ሲባል ኖሯል። ደም የበዛበት ሰው ደሙ ቢቀነስለት ይሻለዋል የሚለው ሐሳብም ከዋግምት ልማድ ጋር በቀላሉ ይስማማል። ነገር ግን የበዛው ደሙ አይደለም፤ ደሙ የደም ሥሩን የሚገፋበት ኃይል ነው። ኃይል ደግሞ ካልተለካ አይታወቅም።

እ.ኤ.አ. በ1896 ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ የሚነፋውን መለኪያ ሠራ። በ1905 ሩሲያዊው ሐኪም ኮሮትኮቭ ከመጠምጠሚያው በታች የደም ሥሩን ድምፅ በማዳመጫ ሰማ። «140 በ90» የምንላቸው የላይኛውና የታችኛው ቁጥሮች የሚለኩት በዚህ መንገድ ነበር።

ከመቶ ዓመት በኋላ ስልክ መጣ። በ2014 «ኢንስታንት ብለድ ፕሬዠር» የተባለ አፕ ገበያ ላይ ዋለ። ስልኩን ደረት ላይ ማስጠጋት፣ ጣትን ካሜራው ላይ ማድረግ፤ በቃ! በ5 ዶላር ገደማ ከ100,000 ጊዜ በላይ ተሸጠ። በ2016 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ሲፈትሹት ግን ግፊታቸው ከፍ ካለ ከ10 ሰዎች ለ8ቱ ያህል «ደህና ነህ» የሚል ቁጥር ይሰጥ ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ኩባንያውን ከሰሰ። የሐሰት «ደህና ነህ» ከዝምታ ይከፋል፤ ሰው መድኃኒቱን የሚያቆመው በዚያ ነውና።

የሚመዘግቡና የሚያስታውሱ አፖች ግን ሌላ ናቸው። ደህና ከተሠሩ ይጠቅማሉ። ጥያቄው ለማን ተሠሩ የሚለው ነው። መካነ ሰላም ያለ የቦረና ገበሬ መድኃኒቱን የሚውጠው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። አፑ ላይ ቁጥሩን እንዳለ ቢሞላው ስልኩ የሚጮኸው ሌሊት 8 ሰዓት ነው! የቀን አቆጣጠሩም፣ ቋንቋውም የእሱ አይደለም። ስማርት ስልኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የልጁ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ መረጃውን ሩቅ አገር ያስቀመጠ አፕ ምን ሊጠቅም?

በአገራችን ቀድሞ የተዘረጋ መንገድ አለ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው የቤተሰብ ማህደር ይዞ ቆይቷል፤ በኋላም ወደ ኤሌክትሮኒክ መመዝገቢያ መሸጋገር ጀምሯል። በ2007 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ሰዎች 16 ያህሉ ከፍተኛ ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከእነሱም አብዛኞቹ አያውቁትም ነበር።

ስለዚህ የጥሩ አፕ መመዘኛው ጌጡ አይደለም። በአማርኛ ይናገር፣ በእኛ ሰዓት ይቁጠር፣ ያለ ኢንተርኔት ይሥራ፣ እለካለሁ ብሎ አይዋሽ። ከሁሉ በፊት ግን በየጤና ኬላው በትክክል የሚሠራ የክንድ መለኪያ ይኑር። ያልተለካውን የትኛውም አፕ ሊመዘግበው አይችልም።