ለዲስክ ኦፕራሲዮን ሲታዘዝ ሁለተኛ ሐኪም ማማከር

«የዲስክ መንሸራተት» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ዲስክ ከቦታው ተንሸራቶ አይወጣም። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ውጩ ጠንካራ ቀለበት ነው፣ ውስጡ ደግሞ ለስላሳ። ቀለበቱ ሲላላ ወይም ሲሰነጠቅ የውስጡ ክፍል ወደ ውጭ ይገፋና በአጠገቡ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫናል፣ ያስቆጣዋልም። ከወገብ ተነስቶ በመቀመጫ በኩል እስከ እግር ጣት የሚወርደው ሕመም የሚመጣው ከዚህ ነው። በብዛት የሚጎዱትም የወገብ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዲስኮች ናቸው። ስለዚህ «ተንሸራቷል፣ ይመለስልኝ» ብሎ ወጌሻ ዘንድ መሄድ ትርጉም የለውም፤ የሚመለስ ነገር የለምና። ነርቭ የተጫነበትን ወገብ በኃይል ማሸትና መጠምዘዝ ደግሞ ጉዳቱን ሊያብስ ይችላል።

ኤምአርአይ ተነስቶ «ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል» የተባለ ሰው ሌላ ሐኪም ቢያማክር የመጀመሪያውን ሐኪም መናቅ አይሆንበትም። በዚህ ሕመም ላይ ሐኪሞች ራሳቸው በቅንነት የሚለያዩበት ምክንያት አለ። በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት የጀርባ ሕመም የሌለባቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነስተው ነበር። ከግማሽ በላይ በሆኑት (52 በመቶ) ላይ ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ታየ፣ 27 በመቶዎቹ ላይ ደግሞ ከዚያ የባሰ ወጣ ያለ ዲስክ ተገኘ። አንዳቸውም አላመማቸውም! ፊልሙ ላይ የታየው ነገር ሁሉ የሕመሙ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ምስሉ ከሕመሙ ቦታና ከምርመራው ጋር መግጠም አለበት።

ሌላው ጊዜ ነው። አብዛኛው ሕመምተኛ ያለ ኦፕራሲዮን ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይሻለዋል፤ ወደ ውጭ የወጣው ክፍልም ብዙ ጊዜ እየመነመነ ይሄዳል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የሆላንድ ጥናት ከባድ የእግር ሕመም የነበረባቸውን 283 ሰዎች በሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ቶሎ ኦፕራሲዮን እንዲደረግላቸው፣ ግማሾቹ እንዲጠብቁ ሆነ። ቶሎ የተደረገላቸው ከሕመም ፈጥነው ተገላገሉ። ከዓመት በኋላ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶው አገግሟል። እንዲጠብቁ ከተደረጉት 39 በመቶዎቹ ሕመሙ ስላልቻላቸው በመጨረሻ ኦፕራሲዮን አድርገዋል። ስለዚህ ለብዙ ሰው ጥያቄው «ልዳን ወይስ ልቅር» ሳይሆን «ቶሎ ልገላገል ወይስ ልታገስ» ነው። ይህን የሚመዝነው ሕመምተኛው ራሱ ነው፤ ቆሞ የሚያስተምርና ቤት ሆኖ ማረፍ የሚችል ሰው እኩል አይጠብቁም።

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርገን የምንናገረው አለ። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች ከዛሉ ሁለተኛ ሐኪም አይፈለግም። በዚያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። በሰዓታት የሚቆጠር መዘግየት ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉዳት ሊተው ይችላል። ብልት ደነዘዘኝ ማለት የሚያሳፍራቸው እናቶችና አባቶች አሉና ቤተሰብ ራሱ ይጠይቅ። እግሩ ከቀን ወደ ቀን እየደከመ፣ ሲራመድ ጣቱ መሬት እየጎተተ ያለ ሰውም ሳምንታት መጠበቅ የለበትም።

ከዚህ ውጪ ያለ ሰው የኤምአርአዩን ሲዲ (ወረቀቱን ብቻ አይደለም)፣ የወሰዳቸውን መድኃኒቶችና የፊዚዮቴራፒ ቆይታውን ዝርዝር ይዞ ይሂድ። ሲዲውን መጠየቅ መብቱ ነው፤ ፊልሙ የቅርብ ከሆነም እንደገና መነሳት ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። ሁለተኛው ሐኪም በሌላ ተቋም የሚሠራ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ወይም የአከርካሪ አጥንት ላይ ያተኮረ የአጥንት ሐኪም ቢሆን ይመረጣል። አስተኝቶ እግርን ቀጥ አድርጎ ያነሳል፣ በተረከዝና በጣት ጫፍ ያራምዳል፣ የሚደነዝዘውን ቦታ ይነካካል። ፊልሙን ብቻ አይቶ የሚወስን ሐኪም ሥራውን በግማሽ እንደሠራ እንቆጥረዋለን። «የተጫነው የትኛው ነርቭ ነው? የሚያመኝ ቦታስ ከእሱ ጋር ይገጥማል? ሁለት ወር ብታገስ ምን እጎዳለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የወገብ ሕመም ብቻ ኖሮ እግር ላይ ምንም ከሌለ፣ ዲስክ በማውጣት ይድናል የሚል ተስፋ አነስተኛ መሆኑንም እወቁ።

ስለ ሶላትም ጠይቁ። ወደ ፊት ማጎንበስ በታችኛው ዲስክ ላይ ጫና ይጨምራል። ሐኪሙ ሙስሊም ካልሆነ «ሶላት ልስገድ?» ማለት አይበቃም፤ ሩኩዕና ሱጁድን በእንቅስቃሴ አሳይታችሁ የቱ እንደሚጎዳና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አስረዱኝ በሉ። በሸሪዓ የታመመ ሰው በአቅሙ ይሰግዳል፣ የታመነ ሐኪም ቃልም ይታያል። መልሱን ይዛችሁ ወደምታምኑት ዓሊም ሂዱ። ዋግምት (ሒጃማ) የሚያሠራ ሰው ነርቭ የተጫነውን ዲስክ ያነሳልኛል ብሎ አይጠብቅ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ወደ ታይላንድ፣ ህንድ ወይም ቱርክ ለመሄድ መኪና የሚሸጥ፣ መስጂድ በር ላይ እርዳታ የሚሰበሰብለት ሰው ብዙ ነው። አገር ውስጥ ሁለተኛ ሐኪም ማየት ከአውሮፕላን ቲኬቱ እጅግ ያነሰ ገንዘብ ይወስዳል፤ ገንዘብ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ቢደረግ ይሻላል። ሁለቱ ሐኪሞች ከተለያዩ የሁለተኛውን ሐሳብ በጽሑፍ ተቀብሎ ወደ መጀመሪያው መመለስና ለምን እንደተለያዩ እንዲያብራራ መጠየቅ ይቻላል፤ ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም።