አንዲት ጨረቃ፣ ብዙ ድንጋዮች፦ የአንድ ስም ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስም ከተሰየመለት ነገር ተለይቶ እንዴት እንደሚጓዝ ይመለከታል። ግሪኮች ጨረቃን «ሴሌኔ» ይሏታል። «ሴሌናይት» የተባለው የማዕድን ስም ከዚሁ ቃል የወጣ ስለሆነ ፍቺው የጨረቃ ድንጋይ ነው። ሆኖም የጌጣጌጥ ነጋዴዎች ዛሬ የጨረቃ ድንጋይ ብለው የሚሸጡት ሌላ ማዕድን ነው።

ሴሌናይት ጥርት ያለ የጂፕሰም ክሪስታል ነው፤ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 2 ላይ ስለሚገኝ በጥፍር ይጫራል። ሁለተኛው የፌልድስፓር ወገን ሲሆን ጥንካሬው 6 ያህል ነው። በውስጡ እየተፈራረቁ የተነባበሩ ስስ ፌልድስፓሮች ብርሃንን ስለሚበትኑ፣ ድንጋዩ ሲዘዋወር ነጣ ያለ ሰማያዊ ጸዳል በላዩ ይንሳፈፋል።

የመደበላለቁ ሥር ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ79 የሞተው ሮማዊው ፕሊኒ በ37 መጻሕፍት ባዘጋጀው «የተፈጥሮ ታሪክ»፣ ለመስኮት ያገለግል የነበረውን የእስፓንያ ግልጽ ድንጋይ በ36ኛው መጽሐፍ ይገልጻል። ይህ ዛሬ ሴሌናይት የምንለው ነው፤ እርሱ ግን በዚህ ስም አልጠራውም። የጨረቃን ስም የሰጠው፣ በ37ኛው መጽሐፍ፣ የጨረቃን ምስል በውስጡ ይዟል ለተባለለት ዕንቁ ነው። ስሙ ወደ ጂፕሰም ተሻግሮ የጸናው ከዚያ በኋላ ነው።

ጨረቃ ስሟን ማዋስ አላቆመችም። ስዊድናዊው ኬሚስት ቤርሴሊየስ እ.ኤ.አ. በ1817 ላገኘው ንጥረ ነገር «ሴሌኒየም» የሚል ስም አወጣ፤ በባሕርይ የሚመስለው ቴሉሪየም ቀድሞ በምድር ስም ተሰይሞ ነበርና። ሴሌናይት ግን ካልሲየም ሰልፌትና ውኃ እንጂ ሴሌኒየም የተሠራበት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1972 የአፖሎ ተጓዦች 382 ኪሎ ግራም ያህል ድንጋይና አፈር ከጨረቃ ሲያመጡ ደግሞ «የጨረቃ ድንጋይ» ሌላ ፍቺ ጨመረ።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዓባይ ሸለቆ የጂፕሰም ንጣፎች አሉ። መማሪያ መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው ሴሌናይትን «የጨረቃ ድንጋይ» ቢለው፣ ተማሪው ከእግሩ ሥር ያለውን ጂፕሰም ከፌልድስፓር ወይም ከሰማይ ከመጣው ድንጋይ ጋር ያምታታል። ስለዚህ «ሴሌናይት» እንዳለ ይቆይ፤ «የጨረቃ ድንጋይ» ለፌልድስፓሩ ይሰጥ፤ የአፖሎው «ከጨረቃ የመጣ ድንጋይ» ይባል እላለሁ። ጥንታዊ ጽሑፍ ስናነብም ከስሙ በፊት ገለጻውን እንመርምር፤ ስም ይሰደዳል፣ የድንጋዩ ባሕርይ ግን ባለበት ይጸናል።