የሶሻል ተማሪ ሐኪም መሆን ይችላል? የአንድ የኮርስ ዝርዝር ታሪክ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ጉንፋንም ስለ ጨጓራም አይደለም። በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች መካከል በላብራቶሪም በመድኃኒትም የማይመለስ አንድ አለ። «ልጄ አካውንቲንግ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሠርታለች። አሁን ሐኪም ካልሆንኩ ትላለች፤ ይቻላል ወይ?» ትላለች አንዷ እናት። አንድ አባት ደግሞ፣ «ልጄ አሥረኛ ክፍል ነው፤ ታሪክና ጂኦግራፊ ይወዳል። ሶሻል ገብቶ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር ወደ ሕክምና መመለስ ይችላል?» ይላሉ። እኔ የምሠራው አዲሱ ገበያ ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል ወረድ ብሎ ስላለ የሰፈራችን ልጅ ነጭ ጋወን በክንዱ ያንጠለጠለ የሕክምና ተማሪ ታክሲ ሲጠብቅ እያየ ነው የሚያድገው። ጥያቄው እዚህ ቢበዛ አይገርምም።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ አሜሪካ ውስጥ ታሪክ ወይም አካውንቲንግ ያጠና ሰው የታዘዙትን የሳይንስ ኮርሶች ጨምሮ ከወሰደ ለሕክምና ትምህርት ማመልከት ይችላል። እኛ አገር ግን መደበኛው በር ከአሥረኛ ክፍል በኋላ በሚሞላው ፎርም ላይ ይወሰናል። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ለመመለስ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘመናዊ ሕክምና የተማረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የምንላቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በ1868 መቅደላ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲያልፉ ገና ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዷቸው፤ እዚያ አድገው በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ። ከሕክምና በፊት የወሰዱት ሌላ ዲግሪ አልነበረም። በእንግሊዞች ሥርዓት ወጣቱ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ሕክምና ኮሌጅ ይገባና ፊዚክሱን፣ ኬሚስትሪውንና ባዮሎጂውን እዚያው ውስጥ ይማራል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ኤድንብራ ሄደው ሲማሩም መንገዱ ይኸው ነበር። እኛ አገር ዛሬ ልጁ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወጥቶ በአሥራ ስምንትና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለሕክምና መመደቡ የዚህ የአውሮፓ ልማድ ዝምድና አለው።

አሜሪካኖች በሌላ መንገድ ነው የሄዱት። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የንግድ ድርጅቶች ነበሩ። ክፍያውን የከፈለ ይገባል፤ ሁለተኛ ደረጃ መጨረሱን እንኳ የሚጠይቅ ብዙም አልነበረም። በሽተኛ ሳይነካ የሚመረቅም ነበር። በ1893 የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት ይህንን ገለበጠው፦ አመልካቹ አስቀድሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ይያዝ፣ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ይማር፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛም ማንበብ ይቻል አለ። (ገንዘቡን ያሰባሰቡት ሴቶች ስለነበሩ «ሴቶችን ከወንዶች እኩል ካልተቀበላችሁ አንሰጥም» ብለው አስገድደዋል። ይህችን ሳልጠቅስ ማለፍ አልሆነልኝም።) በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ ሰው በአሜሪካና በካናዳ ያሉ 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ዞሮ አይቶ ሪፖርት ጻፈ። ፍሌክስነር ራሱ ሐኪም ሳይሆን መምህር ነበር። ከምክሮቹ አንዱ ማንም ሰው ቢያንስ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ሳይማርና የሳይንስ መሠረት ሳይዝ ሕክምና እንዳይገባ የሚል ነው። ዛሬ «ፕሪሜድ» የሚባለው የኮርስ ዝርዝር ሥር የያዘው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ሪፖርቱ ለበሽተኛው በጎ ነበር፤ ሆኖም ዋጋ አስከፍሏል። መስፈርቱን ለማሟላት ቤተ ሙከራና ገንዘብ ያስፈልግ ስለነበር ደካሞቹ ተዘጉ። በወቅቱ ከነበሩት ሰባት የጥቁር አሜሪካውያን የሕክምና ትምህርት ቤቶች አምስቱ ሲዘጉ የተረፉት ሃዋርድና ሜሃሪ ብቻ ናቸው።

ከነዚህ ከተረፉት ከአንዱ ነው የእኛ ሰው የወጣው። ዶክተር መላኩ በያን በ1920ዎቹ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተልከው ኦሃዮ ውስጥ መስኪንገም የሚባል ትንሽ ኮሌጅ ገቡ። እንዲህ ያለ ኮሌጅ ገና ሐኪም አያደርግም፤ ተማሪው ቋንቋውንም ፍልስፍናውንም ሳይንሱንም ቀላቅሎ የሚቀምስበት ቤት ነው። መላኩ ከዚያ በኋላ ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ዞረው በ1935 በሕክምና ዶክትሬት ተመረቁ። በዚያው ዓመት ጣልያን ወረረን። ከወረራው በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አሜሪካ መልሰው ላኳቸው፤ በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የሚባል ጋዜጣም አወጡ። በ1940 ነፃነቱን ሳያዩ አረፉ። በጋዜጣና በመድረክ የጥቁር አሜሪካውያንን ልብ ወደ ኢትዮጵያ ያዞሩበት ችሎታ ከአናቶሚ ክፍል ብቻ የተገኘ አይመስለኝም።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት የሕክምና ፋኩልቲ አልነበረውም፤ ሐኪም መሆን የሚፈልገው ሳይንሱን እዚህ ጀምሮ ሕክምናውን ውጭ አገር መጨረስ ነበረበት። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንን፣ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ማሠልጠን ጀመረ። ከነዚያ ጤና መኮንኖች ወደ ኋላ ሕክምና ተምረው ሐኪም የሆኑ አሉ። የሕክምና ፋኩልቲው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተመሠረተው በ1964 ነው። ተማሪው መጀመሪያ ሳይንስ ፋኩልቲ ገብቶ ውጤቱ ሲታይ ነበር ወደ ሕክምና የሚሻገረው። ይህም የእኛው ፕሪሜድ ነበር ማለት ይቻላል።

በደርግ ዘመን ሶቭየት ኅብረት ሄደው የተማሩ ሐኪሞቻችን ደግሞ «ፖድፋክ» የሚሉት ነገር አላቸው። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፉ ሐኪም ዘንድ የምትታከሙ ከሆነ ጠይቋቸው፤ ፈገግ ብለው ይነግሯችኋል። የዝግጅት ፋኩልቲ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ የሄደው ልጅ አንድ ዓመት ሩስኛ ይማራል። ለሕክምና የተመደበ ከሆነ ኬሚስትሪውን፣ ባዮሎጂውንና ፊዚክሱን በዚያው በአዲሱ ቋንቋ ይደግመዋል፤ አንድ ቃል ሩስኛ ሳያውቅ የሄደ ሰው በዓመቱ ስለ ሴል በሩስኛ ይፈተናል። የትኛውንም የኮርስ ዝርዝር «ከበደኝ» ለሚል ልጅ ይህችን ንገሩልኝ።

ከ1994 የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል «ፕሪፓራቶሪ» ሆነ፤ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ወደ ታች ወረደ፤ ናቹራልና ሶሻል የሚለው መንገድ በአሥራ አንደኛ ክፍል ተለየ። ቀድሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይካሄድ የነበረው ማጥራት ወደ አሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ወረደ ማለት ነው። ቀጥሎ ከተማሪው ሰባ በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶው ሶሻል ይግባ የሚለው ምደባ መጣ። ብዙ ወላጅ ከዚያ ወዲህ «ሶሻል የሰነፍ ነው» ማለት ለመደ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጎበዝ የታሪክ ተማሪ የሆነን ልጅ በግድ ፊዚክስ ላይ አስቀምጦ እንቅልፉን ማሳጣት ምን እንደሚያመጣ ክፍሌ ውስጥ አያለሁ፤ ራስ ምታት፣ ምግብ አለመብላት፣ ፈተና ሲደርስ የሆድ ቁርጠት። ምርመራው ሁሉ ደህና ነው ተብሎ ሲመለስ የሚገረሙት እናትና አባት ናቸው።

በ2012 በሩ ትንሽ ገርበብ አለ። የሐኪም እጥረቱ ስለከበደ መንግሥት «አዲሱ የሕክምና ትምህርት» የተባለውን ፕሮግራም በ13 ተቋማት ጀመረ። ልዩነቱ ተማሪዎቹ ቀድሞ ዲግሪ ያላቸው መሆናቸው ነው። ነርስ፣ ጤና መኮንን፣ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ምሩቅ ተፈትኖ ገባ። ከእነሱ መካከል ትዳር የያዙ፣ ልጅ ያላቸው፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ለዓመታት የሠሩ ነበሩ። የበሽተኛን ቤት የሚያውቅ ሰው ሲገባ ክፍሉ ይለወጣል። ግን አስተውሉ፤ የተጠራው የጤናና የተፈጥሮ ሳይንስ ምሩቅ ነው። የአካውንቲንግ ምሩቋ እዚህ ጥሪ ውስጥ አልነበረችም።

በእኛ አቆጣጠር 2012 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ሌላ ለውጥ መጣ፤ ፍሬሽማን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። ዛሬ ወደ ሕክምና የሚያመራው ልጅ ከባዮሎጂውና ከኬሚስትሪው ጎን ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ ይማራል። «ይሄ ለሐኪም ምን ይሠራለታል?» የሚሉ ተማሪዎችም ወላጆችም አጋጥመውኛል።

ምን እንደሚሠራለት በተቅማጥ ላሳያችሁ። ኦአርኤስ የምንለው ዱቄት ውስጥ ጨውና ስኳር አብረው ያሉት ለጣዕም አይደለም። የአንጀት ግድግዳ ላይ ሶዲየምንና ግሉኮስን አጣምሮ የሚያስገባ በር አለ፤ ሁለቱ ሲገቡ ውኃው ይከተላቸዋል። ይህንን ሮበርት ክሬን የተባለ የባዮኬሚስትሪ ሰው በ1960 አቀረበው። በሩ ከባድ ተቅማጥ ባለበት ጊዜም ይሠራል፤ ልጁ ከመድረቅ የሚተርፈው በዚያ በር ነው። ይህንን የማያውቅ ሐኪም ዱቄቱ ለምን በተጻፈው የውኃ መጠን ልክ መበጥበጥ እንዳለበት ሊያስረዳችሁ አይችልም፤ ከልክ በላይ ሲወፍር ጨው እንደሚበዛ፣ ሲቀጥን እንደማይጠቅም አይገባውም። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የግድ ነው የምለው ለዚህ ነው። አቋራጭ የለውም።

ግን ያንኑ ልጅ አያቱ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይነቀልለት» ብለው ወደ ሰፈር ሰው ሊወስዱት ይችላሉ። እንጥል ማስቆረጡም እንደዚያው። ድድ በንጹሕ ባልሆነ ስለት ሲነካ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ይመጣል፤ ውኃው ደግሞ መውጣቱን አያቆምም። እዚህ ላይ ኬሚስትሪ አይረዳኝም። አያቱን ማክበር፣ እምነቱ ከየት እንደመጣ መስማት፣ «እማማ፣ መጀመሪያ ይህን እየሰጠን እንየው» የምልበትን ሰዓት ማወቅ አለብኝ። ሎጂኩና አንትሮፖሎጂው ለዚህ ነው።

ሁለቱን ለማቀራረብ የሞከሩም አሉ። ኒውዮርክ ያለው የማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት በ1987 የሥነ ጽሑፍ፣ የታሪክና የመሳሰለው ተማሪዎችን ገና ኮሌጅ እያሉ መቀበል ጀመረ። አንድ ዓመት ባዮሎጂና አንድ ዓመት ኬሚስትሪ ይበቃል፤ የቀረውን ለሕክምና በሚሆን መልኩ አሳጥረን በክረምት እናስተምራችኋለን አላቸው። በ2010 የወጣው ጥናት እነዚህን ተማሪዎች በተለመደው መንገድ ከገቡት ጋር አነጻጸረ። በመጀመሪያው የፈቃድ ፈተና ትንሽ ዝቅ ቢሉም በበሽተኛ አልጋ ዳር በሚሰጠው ሥልጠና አላነሱም። ወደ አእምሮ ሕክምናና ወደ አጠቃላይ ሕክምና የማዘንበል ነገርም ታይቶባቸዋል። በ2015 ደግሞ አሜሪካኖች ወደ ሕክምና መግቢያ ፈተናቸው የሳይኮሎጂና የሶሲዮሎጂ ክፍል ጨመሩበት።

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ፣ ልጃችሁም እዚያ ኮሌጅ የምትማር ከሆነ፣ ሶሻል ማጥናቷ በሩን አይዘጋባትም። አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚፈልጉት አንድ ዓመት ባዮሎጂ፣ አንድ ዓመት አጠቃላይ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ባዮኬሚስትሪና ፊዚክስ ከነቤተ ሙከራው ነው። ከተመረቁ በኋላ እነዚህን ብቻ ለመጨረስ የሚመዘገቡ ብዙ ናቸው። ከዚህ ተመርቆ ወደዚያ ለሚያስብ ግን ነገሩ ይጠብቃል፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ኮርሱ እዚያው አሜሪካ ወይም ካናዳ እንዲወሰድ ይጠይቃሉ፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን የሚቀበሉትም ጥቂት ናቸው። ለደላላ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን መስፈርት ራሳችሁ አንብቡ።

አካውንቲንግ ለተመረቀችው ልጅ እናት፦ እዚህ አገር ሐኪም ለመሆን በተግባር ሁለተኛ ደረጃን በናቹራል እንደገና ተፈትኖ ማለፍን ይጠይቃታል። ያንን ያደረገ ሰው አለ፤ ረጅም ነው፤ ወጪውንና ዓመቱን ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት። የሳበቻት ሆስፒታል ውስጥ መሥራት ከሆነች የሆስፒታል ፋይናንስና የጤና መድን ሥራ የእሷን ዓይነት ሰው አጥብቆ ይፈልጋል።

የአሥረኛ ክፍሉን ልጅ ላሳደጉት አባት፦ ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት ልጁን ብቻውን አነጋግሩት። «ሐኪም ትሆናለህ» ብለው ሳይሆን «ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ስታነብ ምን ይሰማሃል?» ብለው ይጀምሩ። ሐኪም መሆን የሚያስበው ከልቡ ከሆነ ናቹራል ይግባ፤ የታሪክ መጽሐፉን ግን ከእጁ አይንጠቁት። ከልቡ ካልሆነ ሶሻል ይግባ። የክፍል ኃላፊ መምህሩንም ያግኟቸው፤ የልጁን የሁለት ዓመት ውጤት በየትምህርቱ ለይተው ያሳዩዎታል።