ከብት አርቢው፣ ባሕሩና ፕሮፌሰሩ

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሊቃውንት ሲከራከሩ እኛ ተማሪዎች ሁለት መሸሻ አናጣም፤ ወይ ስሙ የገነነውን እንከተላለን፣ ወይ «እነሱም አልተስማሙ» ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ሁለቱንም የሚያሳጣን አንድ ታሪክ አለ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈናል።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከሰሐራ በስተደቡብ ያለውን የሳህል ምድር ዝናብ ራቀው። በ1973 በእኛም አገር ወሎ ተራበ። በ1975 የማሳቹሴትሱ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ጁል ቻርኒ አንድ መላ ምት አቀረቡ፦ ከብት ሣሩን ግጦ ሲጨርስ መሬቱ ይገረጣል፤ የገረጣ መሬት የፀሐይን ብርሃን ወደ ሰማይ ይመልሳል፤ በዚህ ሳቢያ አየሩ ቁልቁል ይወርድና ደመና መቋጠሩ ይቀራል። ግሩም ሐሳብ ነው፤ ስሌትም ነበረው። ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ግን «ድርቁን ያመጣው ከብት አርቢው ነው» ወደ ማለት ወረደ። ተከሳሹ እንግዲህ ከብቱ ያለቀበት ሰው መሆኑ ነው!

ሌሎች በዚህ አልረኩም። ፒተር ላም በ1978 ወደ አትላንቲክ ውሃ ሙቀት አመለከተ። በ1986 ፎላንድና ባልደረቦቹ ከ1901 እስከ 1985 ያለውን መዝገብ አገላብጠው የሳህል ዝናብ ከዓለም ባሕሮች ሙቀት ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። አብሮ መሄድ ማምጣት አይደለምና ክርክሩ ቀጠለ። በ2003 አሌሳንድራ ጃኒኒና ባልደረቦቿ ለኮምፒዩተር ሞዴል የተለካውን የባሕር ሙቀት ብቻ ሰጡት፤ ስለ ከብት አንዳች አልነገሩትም። ሞዴሉም ድርቁን መልሶ አወጣው። የመሬቱ መራቆት ያባብሰው እንደሆነ እንጂ ዋናው መነሻ ባሕሩ ሆኖ ተገኘ። ባሕሩን ራሱን በማዛባት የሰሜኑ ፋብሪካዎች ጢስ ምን ያህል ድርሻ እንደነበረው ግን ዛሬም ያከራክራል።

ታዲያ ቻርኒን እንጣላቸው? ኧረ ቆይ! እኚሁ ሰው በ1979 የመሩት የሊቃውንት ቡድን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢጨምር ምድር ከ1.5 እስከ 4.5 ዲግሪ ትሞቃለች፣ ዋናው ግምት 3 ነው አለ። በእጃቸው የነበረው የሁለት ቡድኖች ስሌት ነበር፤ አንዱ 2 ያህል፣ ሌላው 4 ያህል ይላል። በግራና በቀኝ ግማሽ ዲግሪ ጨምረው፣ የማያውቁትን ሳይደብቁ ጻፉት።

በ2021 የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል ያወጣው ግምት ከ2.5 እስከ 4 ነው፤ መካከለኛው ያው 3። ላይኛው ጫፍ በግማሽ ዲግሪ ሲወርድ ታችኛው አንድ ዲግሪ ሙሉ ወጥቷል። «ገና አልተረጋገጠምና እንቆይ» ይሉ የነበሩት ተስፋቸውን የጣሉት በዚያው በታችኛው ጫፍ ላይ ነበር።