በስቶክሆልም የተለየው «መንትያ» እና ብረት የሚይዘው ማግኔት

ቀጭን የብረት ሳህን በሞርሳ ተጠፍንጎ ሲለሰልስ፣ በጭብጡ ኃይል ይጎብጣል፤ ሲለቀቅም የተስተካከለው ገጽ ይዛባል። ብረቱን ከሥሩ በማግኔት ገበታ መያዝ የተለመደው በዋነኛነት ለዚህ ነው። ፍጹም መፍትሔ ግን አይደለም፤ አስቀድሞ የጎበጠ ስስ ብረት በማግኔቱ ተስቦ ይዘረጋና ሲለቀቅ ወደ ጉብጠቱ ይመለሳል። አሉሚኒየምና መዳብማ ጨርሶ አይያዙም።

በዛሬዎቹ ጠንካራ ገበታዎች ውስጥ ያለው ኒዮዲሚየም ታሪኩ ከስቶክሆልም ይጀምራል። በ1841 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የበርዜሊየስ ደቀ መዝሙር የነበረው የካሮሊንስካ ፕሮፌሰር ካርል ጉስታፍ ሞሳንደር፣ ከስዊድን ማዕድን አዲስ ንጥረ ነገር እንደለየ አምኖ «ዲዲሚየም»፣ በግሪክኛ «መንትያ» አለው። ስሙ ካሰበው በላይ እውነት ሆነ፤ በ1885 ኦስትሪያዊው ካርል አወር ፎን ቬልስባህ ለሁለት ከፈለውና አንደኛው ኒዮዲሚየም ተባለ።

ከዚያ በኋላ የማግኔቱ ታሪክ ወደ ሌሎች እጅ ገባ። በ1931 ጃፓናዊው ቶኩሺቺ ሚሺማ ከብረት፣ ከኒኬልና ከአሉሚኒየም ጠንካራ ቋሚ ማግኔት ሠራ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ማሳቶ ሳጋዋ በጃፓን፣ ጄኔራል ሞተርስ በአሜሪካ፣ በየፊናቸው ኒዮዲሚየምን ከብረትና ከቦሮን አዋሐዱ። በአንዳንድ ገበታዎች ሁለቱ ትውልዶች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ የኒዮዲሚየሙ ዋልታ ሳይለወጥ ይቆያል፣ የቀድሞው ዘር ዋልታ ግን በአጭር የኤሌክትሪክ ምት ይገለበጣል። ሲተባበሩ ብረቱ ይያዛል፣ ሲጠላለፉ ይለቀቃል። መብራት ቢጠፋም የተያዘው ብረት አይወድቅም፤ ለአዲስ አበባ ወርክሾፖች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጄኔራል ሞተርስ የማግኔት ኩባንያውን በ1995 የቻይና ድርጅቶች ለተሳተፉበት ቡድን ሸጠ፤ ምርቱም ቀስ በቀስ ወደ ቻይና አቀና። በኤፕሪል 2025 ቤጂንግ በሰባት ብርቅዬ ንጥረ ነገሮች የወጪ ንግድ ላይ የፈቃድ ግዴታ ስትጥል፣ ማግኔትን ሙቀት የሚያስችለው ተርቢየም ከመካከላቸው ነበር። ተርቢየምን በ1843 የለየው ያው ሞሳንደር ነው፤ ስሙም የስቶክሆልም ጎረቤት ከሆነችው የኢተርቢ መንደር የተወሰደ ነው። በስዊድን ድንጋይ የተገኘ ንጥረ ነገር ዛሬ የቤጂንግ ፈቃድ ይጠየቅበታል።

በጃንዋሪ 2023 የስዊድን የመንግሥት የማዕድን ኩባንያ ኤልካአቤ፣ በኪሩና ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ብርቅዬ ኦክሳይዶች እንዳሉ ሲያስታውቅ ብዙዎች ነፃ የመውጫው ቀን የቀረበ መሰላቸው። ኩባንያው ግን ማዕድኑ እስኪወጣ ከ10 እስከ 15 ዓመት እንደሚያስፈልግ አልደበቀም። በእኔ ግምት ከድንጋዩ ይልቅ የመለየቱ ኬሚስትሪ ነው ወሳኙ፤ ታንታለሟን ከቀንጢቻ ሳትነጥር ለዓመታት የላከች አገር ይህን ልብ ትለዋለች። ኤልካአቤም የኪሩናን ዜና ከማብሰሩ በፊት፣ በ2022 በኖርዌይ የሚገኘውን የመለያ ኩባንያ ሪቴክ ድርሻ ገዝቶ ነበር።