በሌለበት የተፈረደበት፤ የመጥሪያና የአድራሻ ታሪክ ከሊበን ገጠር እስከ አዲስ አበባ

ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም የሚለው ደንብ ለሕግ ባለሙያ ከፊደል ቀጥሎ የሚማረው ነገር ነው። ደንቡ የሚያስከትለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይጠናም። ተከሳሹን ለመስማት አስቀድሞ መጥራት፣ ለመጥራትም የሚገኝበትን ማወቅ ያስፈልጋል። በመዝገብ የሰፈረው አድራሻ ሰውየው ዛሬ ከሚኖርበት ሥፍራ ጋር ሳይገናኝ ሲቀር፣ ሥርዓቱ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ፍርዱ ምንም በማያውቅ ሰው ላይ ይወድቃል።

በቀድሞው የዳኝነት ልማድ ይህ ችግር የሚገባበት ቀዳዳ ጠባብ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ነገሩ ከበድ ሲልም በሰንሰለት ተያይዘው ከዳኛ ፊት አብረው ይቀርቡ ነበር፤ ቁራኛ የተባለው ይኸው ነው። በሕግ አምላክ ተብሎ የተያዘ ሰው ቆሞ ይጠይቃል፣ ይጠየቃል፤ ዳኛው ሩቅ ከሆነ መንገደኛ ሽማግሌ ለጊዜው ይዳኛቸዋል፤ ቀጠሮ ከተሰጠም ዋስ ይጠራል። በዚያ ሥርዓት ተከሳሽ ነገሩን አልሰማሁም ሊል አይችልም፤ ከሳሹ ከጎኑ ታስሯልና። ልማዱ ጭካኔ እንዳለበት አይካድም። ባለዕዳና ባለገንዘብ አብረው ሲውሉና ሲያድሩ፣ ገንዘቡን የሚጠይቀውም ሰው ነጻነቱን አብሮ ያጣ ነበር። ሆኖም ቁራኛ የሚያስረው ሰውን እንጂ የሰውን ስም አልነበረም።

በሊበን፣ በቡሬና በዛሬዋ ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር፣ የአንድ ሰው መታወቂያ የአባቱ ስም፣ ደብሩና የርስቱ አገር ነበር። መልእክት የሚደርሰውም በዕለተ ሰንበት ከደጀ ሰላም ወይም በገበያ ቀን ነው። ሰውን በመኖሪያው ለይቶ የሚጽፍ መዝገብ ግን አልነበረም። በአጎራባቹ በደጋ ዳሞት የርስት ሥርዓትን ያጠናው አሜሪካዊው ምሁር አለን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ርስት የሚቈጠረው ከአቅኚው ከዋና አባት በሚወርድ የትውልድ ሐረግ ነው። መሬቱ የሚጠራው ከብዙ ትውልድ በፊት በሞተ ሰው ስም ሲሆን፣ የሚያርሰው የልጅ ልጅ ልጁ ነው። ለጎረቤት ይህ ግልጽ ነበር። ከሩቅ ሆኖ በወረቀት ላይ ለሚያየው ጸሐፊ ግን ባለመሬቱ ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ የሚነግረው ነገር የለም።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 2 መደበኛ ፍርድ ቤቶች ተደራጁ። በ1939 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 90 ደግሞ አጥቢያ ዳኛን አቋቋመ። አጥቢያ ዳኛ ሥልጣኑ በፍትሐ ብሔር ከ25 ብር ባይበልጥም የሚዳኘው የሚያውቀውን ሰው ስለነበር፣ ለመጥራት አድራሻ አላስፈለገውም።

መሠረታዊው ለውጥ የመጣው መስከረም 28 ቀን 1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ከሕንድ ሕግ ብዙ የወሰደው ይህ ሕግ ለመጥሪያ አደራረስ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። መጥሪያ በተቻለ መጠን ለተከሳሹ በእጁ መድረስ አለበት። በቁጥር 70 መሠረት መጥሪያው በሚገባ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ ነገሩ በሌለበት ይሰማል፤ በሚገባ ካልደረሰው ግን ሁለተኛ መጥሪያ መላክ አለበት። በመደበኛው መንገድ ማድረስ ካልተቻለ፣ ቁጥር 105 ምትክ አደራረስን ይፈቅዳል። ይኸውም መጥሪያውን በፍርድ ቤቱና ተከሳሹ ለመጨረሻ ጊዜ ይኖርበት በነበረው ቤት ላይ መለጠፍ፣ ወይም በጋዜጣ ማውጣት ነው። «ለመጨረሻ ጊዜ» የሚለው ሐረግ ሲያነቡት ቀላል ይመስላል፤ የአሮጌ አድራሻ ጣጣ ሁሉ የተጠቀለለው ግን በውስጡ ነው።

ሕጉ አድራሻ ያለው ኅብረተሰብን ገምቶ የተጻፈ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ መደበኛ ቦታና ስለ መኖሪያ ቦታ በጥንቃቄ ቢደነግግም፣ የክብር መዝገብን የሚመለከቱትን ድንጋጌዎች በቁጥር 3361 ወደፊት በትእዛዝ እስኪነገር ድረስ አቆይቷቸዋል። ያ ወደፊት ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ፈጀ፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ፖስታም ቢሆን በ1886 ዓ.ም. ቢቋቋምም የተስፋፋው በሣጥን ቁጥር እንጂ ከቤት ወደ ቤት በማደል አይደለም። ስለዚህ መጥሪያን የሚያደርሰው የፍርድ ቤት መልእክተኛ ወይም ራሱ ከሳሹ ሆነ። ተከሳሹ እንዳይመጣ ይመኝ ይሆናል ተብሎ የሚጠረጠረው ሰው መጥሪያውን ተሸክሞ መሄዱ፣ ቀበሌ ደርሶም «አጣሁት» ሲል ቃለ መሐላው መታመኑ፣ ከሥርዓቱ ደካማ ጎኖች አንዱ ነው።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 47 የተመሠረቱት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ለከተማው ሰው የመጀመሪያውን እውነተኛ አድራሻ ሰጡት፤ ቀበሌና የቤት ቁጥር። በገጠርም የዐዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራት ተመሠረቱ። ያ አድራሻ ግን ሰው ሳይነቃነቅ እርሱ መነቃነቅ ጀመረ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላም የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ አውራጃው የለም፣ ከተማዋ በምዕራብ ጎጃም ዞን ውስጥ ትጠራለች። ቡሬ ወምበርማ የነበረው ወረዳም ቡሬና ወምበርማ ተብሎ ተከፈለ። በአዲስ አበባ ከፍተኛው ቀረ፤ በ1995 ዓ.ም. ክፍለ ከተሞች ተተኩ፤ ቀበሌዎች ተጨፍልቀው በኋላ ወረዳ ተባሉ፤ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ 11ኛ ሆኖ ተጨመረ። በ1980ዎቹ ውል የፈረመ ሰው በዚያው ቤት እየኖረ ውሉ ላይ የተጻፈው ከፍተኛና ቀበሌ በካርታ ላይ አይገኝም። የሊበን ገበሬ ደግሞ በአጨዳ ወራት ወደ ሁመራ ወይም ወደ መተከል ሲወርድ፣ በአዲስ ዘመን የወጣ የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ሊያነብ አይችልም፤ ጋዜጣው እርሱ ካለበት በረሃ አይደርስምና።

በዘመናችን ችግሩ በግልጽ የሚታየው በተሽከርካሪ ጉዳይ ነው። መኪና በውክልና ይሸጣል፤ ገዢው ሊብሬውን ወደ ስሙ ሳያዞር ለሌላ ይሸጣል፤ ሦስተኛው ሰው አደጋ ያደርሳል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል፤ ክሱም መዝገቡ ባለቤት የሚለውን ሰው ይከተላል። ከዓመታት በፊት መኪናውን አስረክቦ ሠፈር የለቀቀው ሰው መጥሪያው በአሮጌ በሩ ላይ ሲለጠፍ አያይም። በእንግሊዝ አገር ተመሳሳዩ ነገር በመኪና ማቆሚያ ክፍያ ይደርሳል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አሽከርካሪው ባልታወቀ ጊዜ የግል የማቆሚያ ድርጅቶች የተመዘገበውን ያዥ እንዲጠይቁ ፈቀደ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ85 ፓውንድ ክፍያን አጸና። ድርጅቱ አድራሻውን ከመንግሥት የተሽከርካሪ መዝገብ ይወስዳል፤ የክሱ ወረቀት በፖስታ ወደ መጨረሻው የታወቀ መኖሪያ ይላካል፤ መልስ ሲጠፋ ፍርድ ይሰጣል። ያ ፍርድ በአንድ ወር ውስጥ ካልተከፈለ ለ6 ዓመት በመዝገብ ይቆያል፤ ቤት ለመግዛት ብድር የጠየቀው ሰው ነገሩን የሚሰማው ባንኩ ሲመልሰው ነው። ባለ ፖስታውም አገር፣ ባለ ሣጥን ቁጥሩም አገር ከአንድ ጉድጓድ ወድቀዋል። በእኛ አገር የማቆሚያ ክፍያ ሰብሳቢው ወጣት ገንዘቡን እዚያው በእጁ ስለሚቀበል፣ ቢያንስ በዚህ ረገድ እዳው ፍርድ ቤት አይደርስም።

መድኃኒቱ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 ነው። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ፣ መጥሪያው በሚገባ እንዳልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት እንዳልቀረበ ካስረዳ ፍርዱ ይነሣለታል። ወሩ የሚቈጠረው ከፍርዱ ቀን ሳይሆን ከታወቀበት ቀን መሆኑ የሕጉ አርቃቂዎች አስተዋይነት ነው። ነገር ግን የማያውቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው የአፈጻጸም መኮንኑ የሐራጅ ማስታወቂያ ይዞ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ አላወቅሁም የሚለውን ማስረዳት የእርሱ ሸክም ይሆናል፤ አለማወቅን ደግሞ በምስክር ማስረዳት እንዴት ከባድ እንደሆነ ጠበቃ ሁሉ ያውቃል። በተግባር የሚረዳው በመዝገቡ ውስጥ ያለው የአደራረስ ማስረጃ ነው፤ መጥሪያው በየትኛው ቤት፣ በማን ፊት፣ በምን ቀን እንደተለጠፈ የሚናገረው ወረቀት። ያ ወረቀት ቀበሌውን በቀድሞ ስሙ ከጠራ፣ ቤቱም ለሌላ ሰው ተላልፎ ከተገኘ፣ ክርክሩ ከዚያ ይጀምራል።