ተስፋ ጽዮን፦ የደብረ ሊባኖሱ ሊቅ በሮም ማተሚያ ቤት

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1513 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሚላንን ለቆ ወደ ሮም ሲሄድ ዕድሜው 61 ነበር። ማረፊያ የተሰጠው በቫቲካን፣ ቤልቬዴሬ በሚባለው ቤተ መንግሥት ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ ሐበሾች የሚኖሩበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነበር። ጣሊያኖች እስከ ዛሬ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ ይሉታል። ታላቁ ሊዮናርዶና የእኛ መነኮሳት በአንድ ሰፈር ከርመዋል ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በሰኔ፣ ሊዮናርዶ ሮም ከመግባቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። ግዕዝ ያስተማረው ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ነው። በፊደላችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው መጽሐፍ ይህ ነው። ፖትከን ቋንቋውን “ከለዳዊ” ብሎ ቢሳሳትም የከፈተው በር አልተዘጋም።

ስለ ሊዮናርዶ ብዙ ተብሏል። ሠዓሊ ነበር፤ የሰውን አካል እየከፈተ ጡንቻንና ልብን አጥንቷል፤ የበረራ መሣሪያ፣ የጦር መኪና፣ የውኃ ቦይ ነድፏል። ሮም ሳለ በመስተዋት ፀሐይን አሰባስቦ ሙቀት ስለማግኘት ይመራመር ነበር፤ አስከሬን መመርመሩን ግን እንዲያቆም ተደረገ። ሐሳቡን ሁሉ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በተገለበጠ ጽሕፈት በማስታወሻዎቹ አሰፈረ። በ1519 ፈረንሳይ ውስጥ ሲያርፍ ከእነዚያ በሺህ ከሚቆጠሩ ገጾች አንዱም አልታተመም ነበር። ስለ ሥዕል የጻፈው ተሰባስቦ ለኅትመት የበቃው በ1651 ነው። በዘመኑ የነበሩ አብዛኞቹ ሐኪሞችና መሐንዲሶች የእርሱን ግኝት ሳያዩ ኖረው አለፉ።

ከእርሱ ሞት በኋላ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ሌላ ሊቅ ወደዚያው ሰፈር መጣ። ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበር። ገዳሙ በ1531 በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጥሏል፤ በየደብሩም ለዘመናት የተጻፈ ብራና እየነደደ ነበር። ተስፋ ጽዮን በኢየሩሳሌም አድርጎ፣ መጻሕፍቱን ይዞ፣ በ1530ዎቹ ሮም ደረሰ። አውሮፓውያን ጴጥሮስ ኢትዮጵያዊ፣ አንዳንዴም ጴጥሮስ ሕንዳዊ ይሉት ነበር። ከግዕዙ ሌላ ዓረብኛ፣ ላቲንና ጣሊያንኛ ስለሚያውቅ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ሣልሳዊና ካርዲናል ማርቼሎ ቼርቪኒ አቀረቡት፤ ስለ ኢትዮጵያ ማወቅ የሚሻ ምሁርም እርሱን ይጠይቅ ነበር።

ትልቁ ሥራው ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ማሳተሙ ነው። የሥራውን ክብደት ለመገመት የያኔውን የኅትመት ሙያ ማወቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ፊደል በብረት ጫፍ ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል፤ ብረቱ መዳብ ላይ ይመታና ቅርጹን ይተዋል፤ በዚያ ቅርጽ ውስጥ የቀለጠ እርሳስ ይፈስሳል። ከዚያ የረጋው ፊደል አንድ በአንድ ተለቅሞ በመስመር ይደረደራል። የላቲን ፊደል ሃያ ጥቂት ነው። ግዕዝ ግን 26 ፊደላት በሰባት ቤት ሲዘረዘሩ 182 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ 202። ለቃሚው ሠራተኛ “ሀ”ን ከ“ሁ” የማይለይ ጣሊያናዊ ነው። ተስፋ ጽዮንም ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ሲለምን ይህንኑ በመጽሐፉ ተናግሯል፦ አታሚዎቹ ፊደሉን ማንበብ አይችሉም፤ እነ ተስፋ ጽዮን ደግሞ የኅትመቱን ሙያ አያውቁም። የያዙት የግብረ ሐዋርያት ቅጂም ጎዶሎ ስለነበር የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ እየተረጎሙ ሞልተውታል።

በእነዚህ ችግሮች መካከል፣ በባልደረቦቹና በጥቂት ጣሊያናውያን ምሁራን እገዛ፣ በ1548 የመጀመሪያው ክፍል ከቅዳሴ ጋር ታተመ። በቀጣዩ ዓመት 13ቱ የጳውሎስ መልእክቶች ተከተሉ። እኔ በበኩሌ ይህን ሥራ ከዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች አሳንሼ አላየውም። አገሩ ላይ ብራናው ሲነድ፣ እሳት ቅጂዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊደርስባቸው የማይችል መጽሐፍ አበጀ።

በዚያም አላበቃም። ከእርሱ የተማረው ማሪያኖ ቪቶሪ በ1552 በአውሮፓ የመጀመሪያውን የግዕዝ ሰዋስው አሳተመ። ተስፋ ጽዮን በዚያው ዓመት አካባቢ፣ ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ሳለ አረፈ። ሐዲስ ኪዳኑ ግን በ1657 ለንደን ውስጥ በተጠናቀቀው፣ በብዙ ቋንቋዎች በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ገባ። በ1649 ደግሞ ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ግዕዝና አማርኛ ያስተማሩትን አባ ጎርጎርዮስን ያገኘው እዚያው ቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ቦታው ከመቶ ዓመት በላይ እንደ ትምህርት ቤት ሆኖ አገልግሏል።

ተስፋ ጽዮን ሠዓሊ አልነበረም፤ የበረራ መሣሪያም አልነደፈም። ከሊዮናርዶ አጠገብ ያስቀመጥኩት ሁለቱ በአንድ ዘመን መንፈስ፣ በአንድ ከተማ የሠሩ ሊቃውንት ስለሆኑ ነው። አንዱ ብዙ አውቆ ዕውቀቱ በማስታወሻው ሲቀር፣ ሌላው ያለውን ለብዙዎች እንዲዳረስ አድርጎ አበዛ። የኅትመት መኪና ወደ እኛ ዳርቻ፣ ወደ ምጽዋ፣ የደረሰው በ1860ዎቹ ስለነበር እርሱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቀድሟል።

ዛሬ በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ አንድ ተማሪ በስልኩ “ሀ” ብሎ ሲጽፍ የሊዮናርዶን ስም ያውቃል፤ የተስፋ ጽዮንን ግን ማን ነገረው? የታሪክ መምህራን ስለ አውሮፓ ህዳሴ የምታስተምሩበት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ፣ ከፍሎረንስና ከሚላን ቀጥላችሁ ስለዚህ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ንገሯቸው። የመማሪያ መጽሐፍ የምታዘጋጁም ስሙን ከሊዮናርዶ ስም አጠገብ አስገቡት።